ከጀፎረ እስከ ቀበሌ ምክር ቤት፦ የጉራጌ ገጠር መንገድና የመንደር ተወካዮች ታሪክ

የኢትዮጵያ የመንገድ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ማዕከሉን መነሻ አድርጎ ነው። ነገሥታቱ ሠራዊታቸውንና መድፋቸውን ለማሻገር ያስጠረጉት፣ ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት የዘረጋው፣ ኋላም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን የጠገነውና ያስፋፋው ዋና ጎዳና በየመጽሐፉ ተደጋግሞ ሲወሳ፣ ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ወደ መንደር የሚገባው፣ ወላዷን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ቅቤውንና ቡናውን ወደ ገበያ የሚያደርሰው መንገድ የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው። ይህ የመጨረሻው መንገድ በየት በኩል ይለፍ፣ መሬቱን ማን ይልቀቅ፣ ጉልበቱንና ገንዘቡን ማን ያዋጣ፣ ክረምት ሲያፈርሰውስ ማን ይጠግነው የሚሉት ጥያቄዎች ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቁት መንደሩን ወክለው በተሰየሙ ሰዎች ላይ ነበር። የእነዚህ ሰዎች መጠሪያ እንደ ዘመኑ ተለዋውጧል፤ ሽማግሌ፣ ጭቃ ሹም፣ የማኅበር ተወካይ፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ተብለዋል። ሥራቸው ግን ከዘመን ዘመን በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጠነ ነው፤ እርሱም ለጋራ የሚሆነውን መሬት፣ ጉልበትና ገንዘብ ከግለሰቡ ይዞታ ለይቶ ማቆየትና መልሶ ለሕዝቡ አገልግሎት ማዋል ነው። ይህን ታሪክ በጉራጌ ምድር መከታተል የሚጠቅመው፣ በዚያ አካባቢ ከዘመናዊው መንገድ በፊት የራሱ ሥርዓት ያለው የመንደር ጎዳና ስለነበረና፣ የአካባቢው ተወላጆች በ1950ዎቹ በራሳቸው መዋጮ የመኪና መንገድ ለማስገባት በመደራጀት በአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት መካከል ስለሚቆጠሩ ነው።

በጉራጌ ገጠር ያለው ባህላዊ የመንደር ጎዳና ጀፎረ ይባላል። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ፣ በለምለም ሣር የተሸፈነና ከተራ የእግር መንገድ እጅግ የሚሰፋ የጋራ ሜዳ ነው። ክብ ሆነው በሣር የተከደኑት ጎጆዎች በራቸውን ወደ ጀፎረው አዙረው ይሠራሉ፤ ከቤቱ ፊት ያለው ግቢ በአጥር ተከልሎ ከጀፎረው ይለያል፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ የቤተሰቡ ዋና ምግብ የሚገኝበት የእንሰት ማሳ እንደ ዕድሜው በተርታ ይተከላል። በዚህ ሜዳ ላይ ሠርግ ይደገስበታል፣ ለቅሶ ይወጣበታል፣ የመስቀል ደመራ ይበራበታል፣ ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ ጥጆች ይግጡበታል፣ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይዳኙበታል። እንግዳው በእርሱ ወደ መንደሩ ይገባል፣ መንደርተኛውም በእርሱ ወደ ጎረቤት መንደርና ወደ ገበያ ይወጣል። እንዲህ በመሆኑ ጀፎረ የመተላለፊያ ጎዳናም፣ የስብሰባ አደባባይም፣ የግጦሽ መሬትም ሆኖ ሦስት አገልግሎት በአንድ ይሰጣል፤ በዚህም የሰፈራውን ቅርጽ ራሱን ይወስናል።

ጀፎረን ለትውልድ ያቆየው የሣሩ ልምላሜ ሳይሆን ወሰኑን የሚጠብቀው ሥርዓት ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ማኅበረሰብ ቅጫ በሚባል የባህል ሕግ ሲተዳደር የኖረ ሲሆን፣ የዚህ ሕግ የበላይ ሸንጎ የጆካ በሚል ስም ይታወቃል፤ በክስታኔ ጉራጌ በኩል ደግሞ ጎርደና ሴራ የተባለው የባህል ሕግና ሸንጎ ተመሳሳይ ቦታ ነበረው። በመንደር ደረጃ ሽማግሌዎቹ አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋውን፣ በጋራው ሜዳ ላይ ዛፍ የተከለውን ወይም ቤት የሠራውን ሰው ጠርተው ይጠይቃሉ፤ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝም ይቀጡታል፣ የወሰደውን እንዲመልስም ያደርጉታል። ማንም አባወራ ሰፊው ሜዳ ለእንሰት ወይም ለባሕር ዛፍ ቢውል እንደሚጠቀም እያወቀ ወሰኑን አክብሮ የኖረው፣ ነገ በልጁ ሠርግና በአባቱ ለቅሶ ቀን ያው ሜዳ እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅና የሽማግሌዎቹን ፍርድ ስለሚያከብር ነበር። ለዚህ ነው የመንደር ተወካይን ሥራ ታሪክ ከጀፎረ መጀመር ተገቢ የሚሆነው፤ በአካባቢው የጋራ መንገድ ጠባቂነት ከመንግሥት መዋቅር በፊት የነበረ ኃላፊነት ነውና።

የጉራጌ ምድር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ሲጠቃለል፣ ክስታኔ ቀደም ብሎ በሰላም ሲገባ፣ የምዕራቡ ክፍል ግን በቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ መሪነት ተዋግቶ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት፣ ማለትም ገበሬው ለተሾመበት ወታደርና ባለሥልጣን ግብርና የጉልበት አገልግሎት እንዲሰጥ የሚያስገድደው ሥርዓት፣ በመንደሩና በመንግሥቱ መካከል አዲስ ሰው አቆመ። ይህ ሰው ጭቃ ሹም ነበር። ጭቃ ሹም በመንደሩ ውስጥ የሚኖር፣ ብዙውን ጊዜም ከመንደሩ የተወለደ ሲሆን፣ ግብር ያስከፍላል፣ ገበሬውን ለሥራ ያስወጣል፣ የበላዩን ትእዛዝ ያስተላልፋል፣ አነስተኛ ጠብ ሲነሣም ያስማማል። በዚህ ዘመን መንገድ መጥረግ፣ ወንዝ ማሻገርና የሹም ዕቃ መሸከም ከግዳጅ ሥራዎች መካከል ስለነበሩ፣ ገበሬው መንገድን የሚያውቀው ጉልበቱን እንደሚወስድበት ነገር ነበር። ሽማግሌው ጀፎረን ሲጠብቅ ለመንደሩ ነበር፤ ጭቃ ሹሙ መንገድ ሲያስጠርግ ግን በአብዛኛው ለሚያልፈው ሹም ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኙ እንደነበር፣ አልፎ አልፎም አንድ ሰው ሁለቱን ኃላፊነት ደርቦ ይዞ በሕሊናው ሲከፈል ይኖር እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ጭቃ ሹምን በጠቅላላው የጨቋኝ መሣሪያ ብቻ አድርጎ የሚያቀርበው የኋላ ዘመን አጻጻፍ ይህን ጭንቅ አይቶ አልመዘነውም።

የመኪና መንገድ ጥያቄ ሕዝባዊ የሆነው በሌላ ምክንያት ነው። የመሬት ጥበትና የግብር ጫና በርካታ ጉራጌዎችን ወደ አዲስ አበባ አሰደደ፤ እነርሱም በቀን ሥራ፣ በሊስትሮነት፣ በጉልት ንግድ ጀምረው ቀስ በቀስ በመርካቶ የታወቁ ነጋዴዎች ለመሆን በቁ። ከአገራቸው ጋር የነበራቸው ትስስር ግን አልላላም፤ ቤተሰባቸው በገጠር እንሰቱን እየተከለ ይኖራል፣ እነርሱም በየዓመቱ ለመስቀል ይመለሳሉ። መስቀል የሚውለው መስከረም 17 ቀን፣ ክረምቱ ገና እንደወጣ ስለሆነ፣ ወደ አገሩ የሚገባው ሰው ጭቃውና የሞላው ወንዝ በጣም በሚያስቸግርበት ጊዜ ነበር የሚጓዘው። በወረራው ዘመን የተሠራው የጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ድረስ መኪና ማስኬድ ቢያስችልም፣ ከወልቂጤ ወደ ደቡብ ወደ እምድብር፣ ወደ ጉንችሬና ወደ አገና የሚሄደው ሰው ስጦታውንና የቤቱን ዕቃ አሸክሞ በእግሩ ወይም በበቅሎ ይቀጥል ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ በምጥ የተያዘች ሴትና የታመመ ሰው በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ተይዘው ይወጡ ነበር። እንግዲህ የመንገድ ፍላጎቱን ያጠነከረው ይህ ሁለት ኑሮ፣ አንድ እግር በከተማ አንድ እግር በገጠር ሆኖ የሚኖረው ትውልድ ነው።

መንግሥት በበኩሉ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ሲያቋቁም፣ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ የተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር በቅድሚያ የዋለው በጦርነቱ ዘመንና ከዚያ በኋላ የተበላሹትን ዋና ዋና መንገዶች መልሶ ለማቃናት ነበር። የአገሪቱን አቅም ለሚያውቅ ይህ ቅደም ተከተል ምክንያት አለው፤ ዋናው ጎዳና ካልተከፈተ መገንጠያው የሚገናኝበት አይኖርምና። ነገር ግን መንደሮቹ ተራቸው እስኪደርስ መጠበቅ ብዙ ዓመት እንደሚወስድ ግልጽ ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በሚል ስም የታወቀውን ማኅበር አቋቋሙ። ከመሪዎቹ መካከል ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ በሰፊው ይታወሳሉ። በዚያው ሰሞን ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ሌላ ማኅበር ተመሠረተ፤ ይህኛው በመንገዱ ዳር የሚኖሩ የልዩ ልዩ ብሔረሰብ ተወላጆችን በአንድነት ያሰባሰበ በመሆኑ የራሱ የሆነ ታላቅ ዋጋ አለው። የማኅበራቱ አሠራር ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ቢሮ ሳይሆን፣ በከተማው አስቀድሞ በነበሩት መሰባሰቢያዎች ላይ የቆመ ነበር። የአንድ አካባቢ ልጆች ለቅሶ ሲደርስ የሚረዳዱበት እድርና ገንዘብ የሚያጠራቅሙበት እቁብ ሰዉን አስቀድመው አስተዋውቀውት፣ አስተማምነውትም ነበር፤ በአዲስ አበባ የእድርን አመጣጥ የመረመሩ ብዙ ጥናቶችም ከጉራጌ ተወላጆች ስም ጋር ያያይዙታል። ከሰባት ቤት ጉራጌ እያንዳንዱ ቤት፣ ማለትም ቸሃው፣ እዣው፣ ሙህሩ፣ እነሞሩ፣ ጉመሩና ሌላውም፣ በየወገኑ ተወካይ አቆመ፤ ተወካዩ ከወገኑ መዋጮ ይሰበስባል፣ ለማኅበሩ ያስረክባል፣ ስለወጣው ገንዘብም ለወገኑ መልስ ይሰጣል። በገጠር በኩል ገበሬው እንደ አቅሙ ገንዘብና ጉልበት ሲያዋጣ፣ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ደግሞ በባለሙያ፣ በመሣሪያና በገንዘብ ያግዝ ነበር።

የተወካዩ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የከበደው ገንዘብ በመሰብሰቡ ላይ ነበር ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ለመንገድ ሥራ ዋናው ፈተና መንገዱ የሚያልፍበት አቅጣጫ ነው። መሐንዲሱ የቦታውን ተዳፋትና የአፈሩን ጥንካሬ አይቶ የሚያመለክተው መስመር የአንዱን መንደር ገበያ ያነሣል፣ የሌላውን ያሳጣል፤ የአንዱን የእንሰት ማሳ በመሃል ይከፍለዋል። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ስለሚፈልግ፣ ማሳውን ለመንገድ የሚለቀው ቤተሰብ የሚያጣው የአንድ ወቅት ሰብል ሳይሆን የዓመታት ስንቁን ነው። በዚህ ጊዜ ባለመሬቱን የሚያግባባ፣ ጎረቤቶቹ የእንሰት ችግኝና የጉልበት ድጋፍ እንዲያደርጉለት የሚያስማማ፣ መንገዱ የራቀው መንደር መዋጮውን እንዳያቋርጥ የሚያግባባ ሰው ያስፈልጋል። በከተማ የማኅበሩ ተወካይ የሆነው ነጋዴና በገጠር ያለው ሽማግሌ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ገንዘቡንና የመንግሥት ቢሮ በር የሚከፍተውን ዕውቂያ ያመጣል፣ ሌላው ቃሉ የሚከበርበትን ሸንጎ ያመጣል። ማኅበሩ የተሳካለት ከሁለቱ አንዱን ስላልናቀ ነው።

በዚያው አሥርት ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለአካባቢ ራስ አስተዳደር ሕጋዊ መልክ ለመስጠት ሞክሮ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 43 አውራጃዎች፣ ማለትም ከጠቅላይ ግዛት በታች ያሉት የአስተዳደር ክፍሎች፣ የተመረጠ ምክር ቤት ኖሯቸው መንገድን፣ ትምህርት ቤትንና ጤናን የመሰሉ አገልግሎቶችን እንዲመሩ ያስብ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ በፓርላማ ተቃውሞ ገጥሞት የታሰበው ሥልጣንና ገቢ ሳይጸና ቀረ። በፓርላማው ውስጥ የባለመሬቶች ጥቅም የነበረው ክብደት ለዚህ ዋና ምክንያት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለዚህም በጉራጌ ምድር ሕጉ ያላቋቋመውን የአካባቢ ውክልና ማኅበሩ በፈቃድ አቋቁሞ ሲሠራበት ቆየ፤ ድርጅቱም ኋላ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ተብሎ ከመንገድ አልፎ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሌሎች የልማት ሥራዎች ገባ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 የጭቃ ሹምን ዘመን ዘጋ። አዋጁ ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ይኸውም 800 ሄክታር በሚሸፍን መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ሲደነግግ፣ መሬት ከማከፋፈልና ከመዳኘት ሌላ በመንግሥት እርዳታ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ለአካባቢው የሚያስፈልጉ ሌሎች ተቋማትን ማሠራት የማኅበሩ ተግባር እንዲሆን አድርጓል። የዛሬው ቀበሌ ወሰን በብዙ ቦታ የተቀረጸው በዚያን ጊዜ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ገበሬው ከራሱ መካከል የመረጠው ሰው በሕግ የታወቀ ሥልጣን ይዞ ስለ ትምህርት ቤት ግንባታ ከባለሥልጣን ጋር ሊነጋገር ቻለ፤ የዚህ ለውጥ ታላቅነት ሊቀነስ አይገባም። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው የማኅበሩ ሊቀ መንበር የእህል ኮታ እንዲያስገባ፣ ወጣት ለውትድርና እንዲመለምል፣ ሰዉን በየሳምንቱ ለዘመቻ ሥራ እንዲያስወጣ ሲታዘዝ፣ ማኅበሩ የጭቃ ሹሙን አሮጌ ሸክም ተረከበ። በኅብረተሰብ ተሳትፎ ስም የተሠራው መንገድ ዳግመኛ ግዳጅ መስሎ የታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ወደ ቀበሌ አስተዳደር ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተቀበሉ በራሳቸው ምክር ቤት እንዲደለድሉ ተደረገ። ቀበሌው ግን ይህን የመሰለ የራሱ በጀት ስላልነበረው፣ የምክር ቤት አባሉ ዋና መሣሪያ ቃሉ፣ ማመልከቻውና የነዋሪው ጉልበት ሆኖ ቀጠለ። ከ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ጋር የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ሲል፣ ውክልናው ሰፋ እንጂ የእያንዳንዱ ተወካይ ድምፅ ክብደት አብሮ አልጨመረም። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫም ተራዘመ፤ ተወካይ በየጊዜው ወደ መራጩ ተመልሶ ካልተጠየቀ ከሕዝቡ ይልቅ ለበላዩ መልስ መስጠት ይለምዳል፣ ይህም በአገልግሎት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 71,523 ኪሎ ሜትር መንገድ ሠርቶ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘትና፣ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ 3.7 ሰዓት የነበረውን ወደ እንዲህ ያለ መንገድ የመድረሻ ጊዜ ወደ 1.4 ሰዓት ለማውረድ ያለመ ነበር። ዓላማው ሙሉ በሙሉ ባይደረስበትም፣ የገጠሩን መንገድ እንደ መብት ያየ ትልቅ እርምጃ ነው። በዚህ ሥራ የቀበሌ ተወካዩ ድርሻ ጉልበት ማስተባበር፣ ድንጋይና አሸዋ ማቅረብ፣ መሬት ማስለቀቅና በወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት በኩል አቤቱታ ማቅረብ ነበር።

መንገድ ከተከፈተ በኋላ ያለው ሥራ የበለጠ ትኩረት ይሻል። በደጋማው የጉራጌ አካባቢ የመንገድ ዋና ጠላት ውኃ ነው። በገረጋንቲ፣ ማለትም ከኮረብታ ተቆፍሮ በሚመጣ ጠጠራማ አፈር በተሸፈነ መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኙ የተቆፈረው ቦይ ውኃውን ካልወሰደለት ውኃው በራሱ በመንገዱ ላይ ይሄዳል። ቱቦው፣ ይኸውም ውኃ ከመንገዱ ሥር እንዲያልፍ የሚቀበረው የሲሚንቶ ቧንቧ፣ በቅጠል፣ በእንሰት ቅርፊትና በደለል ሲዘጋ፣ የሐምሌ ዝናብ መጀመሪያ አፈሩን፣ ከዚያም ቱቦውን ራሱን ጠርጎ ይወስደዋል። በሰኔ መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው በአንድ ቀን ሊጠርጉት የሚችሉት ደለል፣ በነሐሴ ግሬደርና ገልባጭ መኪና የሚያስፈልገው ጥፋት ይሆናል። ለመንገድ ጥገና ተብሎ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ የሚሰበስበውን ገንዘብ የሚያከፋፍለው ለፌዴራል፣ ለክልልና ለከተማ መንገዶች በመሆኑ፣ የቀበሌው መንገድ ጥገና በተግባር በመንደሩ እጅ ላይ ይቀራል። እንግዲህ በሰኔ ሰዎቹን የሚያስወጣ፣ ተራ የሚያወጣ፣ የቀረውን የሚጠይቅ ሰው ካለ መንገዱ ይኖራል፤ ከሌለ በሁለትና በሦስት ክረምት ወደ ነበረበት ጭቃ ይመለሳል። የምንጭ ውኃ ማጎልበቻውም፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የተሠራው ጤና ኬላም ዕጣ ፈንታው ይኸው ነው፤ የውኃ ኮሚቴው ወርኃዊ መዋጮ ካልሰበሰበ ቧንቧው ሲሰበር የሚጠግነው አይገኝም።

እዚህ ላይ የጀፎረ ነገር እንደገና ይነሣል። በቅርብ አሥርት ዓመታት በብዙ መንደር የጀፎረው ስፋት እየጠበበ ሄዷል፤ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል፣ አጥር ተገፍቶበታል፣ ሱቅና ቤት ተሠርቶበታል፣ አልፎ አልፎም የመኪናው መንገድ ራሱ በሣሩ መካከል አልፎበታል። የሽማግሌው ፍርድ ሲላላ የቀበሌው አስተዳደር በቦታው ተተክቶ ወሰን ማስከበር ነበረበት፤ ይህ በጥቂት ቦታ ሆኗል፣ በብዙ ቦታ ግን መሬት በሚያከፋፍለውና የጋራ መሬት በሚጠብቀው ሰው መካከል ልዩነት ስለጠፋ አልሆነም። የባህል ሸንጎውን እንደ ቅርስ እያሞገሱ የፍርድ ሥልጣኑን ከመንደሩ መንጠቅ ታላቅ ስሕተት ነበር። ምክር ቤቱና ሽማግሌው አብረው በሠሩበት መንደር ግን ጀፎረውም ይጠበቃል፣ የመኪናው መንገድም በዳር በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል።

ጉራጌ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከቀድሞው የደቡብ ክልል ወጥቶ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሲደራጅ፣ የወረዳና የቀበሌ መዝገቦች ዳግመኛ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚተላለፉበት ጊዜ መጣ። የዚህ ታሪክ ዋና ምንጭ ደግሞ እነዚያ መዝገቦች ናቸው፤ የመንገድ ማኅበሩ የመዋጮ ደረሰኞች፣ የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ ምክር ቤቶች ቃለ ጉባኤዎች፣ ለወረዳ የተጻፉ የቱቦና የድልድይ ማመልከቻዎች፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ የተወካዮች ደብተሮች አሉበት። በ1950ዎቹ መዋጮ የሰበሰቡና መሬታቸውን የለቀቁ ሰዎች ከሞላ ጎደል አልፈዋል፤ ያሉትም አርጅተዋል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ የጉራጌ ዞን ባህል መምሪያና ከመንገድ ማኅበሩ የወጣው የልማት ድርጅት ተባብረው ወረቀቱን በአንድ መዝገብ ቤት እንዲያኖሩ፣ በሕይወት ያሉትን አረጋውያን ቃልም ጊዜ ሳይሰጡ እንዲቀዱ ያስፈልጋል፤ በቤቱ እንዲህ ያለ ደብተር ወይም ደረሰኝ ያለው አንባቢም ከመጣሉ በፊት ለእነዚህ ተቋማት ያሳውቅ።